ዲሲ-3 በጣና ሰማይ ላይ

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት አንድ መለኪያ ተመልከቱ። በአብራሪዎቹ ፊት ከተደረደሩት ክብ መስታወቶች መካከል የማኒፎልድ ግፊት የሚያሳየው ነው፤ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር ምን ያህል እንደታመቀ በኢንች ሜርኩሪ ይናገራል። አውሮፕላኑ ሞተሩ ጠፍቶ ጅቡቲ ወይም ምፅዋ ቢቆም መርፌው 30 አካባቢ ያርፋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ከባሕር ጠለል 1,820 ሜትር ገደማ ከፍ ብለናልና መርፌው የሚቆመው 24 ላይ ነው። መለኪያው አልተበላሸም። ሞተሩ ዝም ባለበት ሰዓት የሚለካው የከተማውን አየር ነው፤ የከተማው አየር ደግሞ ስስ ነው።

የበረራ ሲሙሌተር ስመዝን የምጀምረው ከዚህች መርፌ ነው። ብዙዎቹ ከውጭ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። የክንፉ ላሜራ ያብረቀርቃል፣ ከሞተሩ ቆብ ኋላ የተንጠባጠበው የዘይት እድፍ ሳይቀር ይታያል፣ ዓይን ቶሎ ይረካል። መርፌዋ ግን አትሸነገልም። ሠሪው አውሮፕላኑን ከፎቶግራፍ ነው የቀዳው ወይስ ከአሠራሩ? ባሕር ዳር ላይ ገና ጎማው ሳይንቀሳቀስ ይታወቃል። ባሕር ጠረፍ ላይ ባሉ አየር ማረፊያዎች ተሸፍኖ የሚያልፍ ስንፍና እዚህ ደጋ ላይ ይጋለጣል።

ዲሲ-3 ደግሞ ራሱ የደጋ ልጅ ነው። ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1932 የአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ ኃላፊ ጃክ ፍራይ ለአውሮፕላን ፋብሪካዎች በላከው አጭር ደብዳቤ ነው። የጠየቀው ሦስት ሞተር ያለው፣ ሁለንተናው ብረት የሆነ አውሮፕላን ነበር። ዶናልድ ዳግላስና መሐንዲሶቹ በሁለት ሞተር እንሠራዋለን አሉ። የአየር መንገዱ አማካሪ የነበረው ቻርልስ ሊንድበርግ በዚህ ጊዜ አንድ ከባድ ቅድመ ሁኔታ አስገባ፦ አውሮፕላኑ ጭነቱን እንደያዘ፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ እንኳ፣ አየር መንገዱ ከሚጠቀምበት ከየትኛውም አየር ማረፊያ መነሣት አለበት። ከነዚያ አየር ማረፊያዎች አንዱ አሪዞና ውስጥ ያለው ዊንስሎ ነው፤ ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ። በ1933 ናሙናው ዲሲ-1 ከዊንስሎ ሲነሣ አንዱ ሞተር ሆን ተብሎ ጠፋ፤ አውሮፕላኑም በቀረው ሞተር ተነሥቶ አልበከርኪ ድረስ ዘለቀ። የዚህ ቤተሰብ ሦስተኛው ልጅ ዲሲ-3 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ታኅሣሥ 17 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጣሊያን ጦር መረብን ከተሻገረ ሁለት ወር ተኩል በኋላ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ያው ቲ.ደብሊው.ኤ. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ አዲስ አበባ መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ካይሮ ሄደ። አውሮፕላኑ ሲ-47 ነው፣ ማለትም የዲሲ-3 የወታደር ወንድም። ከጦርነት የተረፉት የአየር መንገዱ አምስት ሲ-47ዎች ለስላሳ ወንበር አልነበራቸውም፤ በግራና በቀኝ የሚታጠፍ አግዳሚ፣ መሐል ላይ የጭነት ማሰሪያ። መንገደኛው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይቀመጣል፣ ዕቃው በመሐላቸው ይጓዛል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ኮንቬየር 240፣ ዲሲ-6ቢ፣ በኋላም ጄቱ፣ የውጭውን መንገድ ወሰዱ። ዲሲ-3 ግን አገር ውስጥ ቀረ፤ ሣር ሜዳ ላይ እያረፈ፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እያገናኘ ለዐሥርተ ዓመታት ሠራ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆነው የተቀመጡትም በዚሁ አውሮፕላን የግራ ወንበር ላይ ነው።

እንግዲህ ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው።

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲታሰር ቆሞ ያየ ሰው የዲሲ-3ን ክንፍ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። አንዱ የደንገል ዘንግ በእጅ ይሰበራል፤ ውስጡ አየር የሞላበት ስፖንጅ ነው። የወይጦ ባለሙያ ግን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ፣ በጉልበቱ እየተጫነ፣ ነዶ በነዶ ጠፍሮ ሲያስር፣ ሸክሙን ሁሉም ይካፈለዋል። ጥቂት ዘንጎች ቢበሰብሱ ታንኳው አይሰምጥም። (ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር ‹ራ› የተባለችውን መርከብ ሲያሠራ ደንገሉን ያስቆረጠው ከዚሁ ከጣና ነው፤ ይህ ሐይቅ በዓለም የመርከብ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ እዚሁ ባሕር ዳር ላይ እንኳ በቅጡ አይነገርም።) የዲሲ-3ን ክንፍ አሠራር ያመጣው ጃክ ኖርዝሮፕ ነው። ሦስት ቋሚ ተሸካሚዎች ከአካሉ እስከ ክንፉ ጫፍ ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸው የጎድን አጥንት የሚመስሉ ስስ ላሜራዎች እየተሻገሩ ክንፉን ወደ ብዙ ትናንሽ ሣጥኖች ይከፍሉታል። የላይኛው ቆዳ ራሱ ሸክም ተሸካሚ ነው። አንዱ ሣጥን ቢሰነጠቅ ጎረቤቶቹ ይይዙታል።

በዚያ ዘመን የአውሮፕላን ብረት ‹ይደክማል› የሚለው እውቀት ገና ለጋ ነበር። መሐንዲሶቹ እርግጠኛ ባልሆኑበት ቦታ ሁሉ ላሜራ ጨመሩ። ይህ የዛሬ መሐንዲስ ብክነት የሚለው ጥንቃቄ ነው ከዘጠና ዓመት በኋላም አንዳንዶቹን በሥራ ላይ ያቆያቸው። ካናዳ ውስጥ እስከ ቅርብ ዓመታት ጭነት ያመላለሱ ነበሩ፤ ሌሎቹ ሞተራቸው በተርባይን ተለውጦ በረዶ ላይ ያርፋሉ።

እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን መጋጠሚያውን ነው። መካከለኛው ክንፍ፣ ማለትም ሞተሮቹን የተሸከመው፣ ከአካሉ ጋር አንድ ነው። ከሞተሮቹ ወዲያ ያለው ውጫዊ ክንፍ ግን ለብቻው ተሠርቶ፣ በክንፉ ዙሪያ በተደረደሩ ቡሎኖች ይታሰራል። መጋጠሚያው የት እንዳለ ለማወቅ ርቆ ማየት ይበቃል፦ መካከለኛው ክፍል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ውጫዊው ግን ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ቡሎኖቹ ተፈትተው ክንፉ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው፤ ቁልፍ የያዘ መካኒክ ሜዳ ላይ ቆሞ ሊሠራው ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ቻይና ውስጥ ሱዪፉ በተባለ ቦታ የጃፓን ቦምብ የአንዱን ዲሲ-3 ቀኝ ክንፍ ቆረጠው። የዲሲ-3 ክንፍ አልተገኘም። ከሆንግ ኮንግ ግን የታላቅ ወንድሙ የዲሲ-2 ክንፍ ተገኘ፤ አጠር ያለ ነው። በሌላ አውሮፕላን ሆድ ሥር ታስሮ መጣ፣ ገጠሙት፣ አውሮፕላኑም በአንድ ረጅምና በአንድ አጭር ክንፍ ተነሥቶ ሆንግ ኮንግ ገባ። ‹ዲሲ ሁለት ተኩል› ተባለ። ሳቁን ትተን መጋጠሚያውን እንየው፦ በተለያየ ዓመት የተሠሩ የሁለት ሞዴሎች ቀዳዳዎች ተገናኝተዋል።

ወደ ጭራው ስንሄድ እጃችን ሌላ ነገር ይነካል። የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች፣ ማለትም የክንፍ ጫፍ መቆጣጠሪያዎቹ፣ አግድሙና ቋሚው መሪ፣ በጨርቅ የተለበጡ ናቸው። ውስጣቸው የብረት አጽም ነው፣ ቆዳቸው ግን ጨርቅ ተወጥሮ በቫርኒሽ የጠነከረ። ለምን? መሪው በሽቦ በቀጥታ ከአብራሪው እጅ ጋር ስለተያያዘ ቀሎ መገኘት አለበት። የተቀደደ ጨርቅ ደግሞ በመርፌና በክር ይጠገናል። ጎማዎቹም እንዲሁ የታሰበባቸው ናቸው፤ ወደ ሞተሩ ቆብ ሲሰበሰቡ ሙሉ በሙሉ አይገቡም፣ ግማሻቸው ወደ ውጭ ይቀራል። ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ ለማረፍ ለተገደደ አውሮፕላን ያቺ ግማሽ ጎማ ትልቅ ውለታ ናት።

በደንብ የተሠራ ሲሙሌተር ይህን ሁሉ ያሳያል። የሚገርመኝ የሪቬቱ ነገር ነው። ጥሩ የኮምፒውተር ሠዓሊ ሪቬቱን አንድ በአንድ አይቀርጸውም፤ እንዲያ ቢያደርግ ማሽኑ ይታነቃል። በጠፍጣፋው ገጽ ላይ ሌላ የማይታይ ሥዕል ይደርባል፤ ያ ሥዕል ብርሃኑ በየነጥቡ ወዴት እንደሚነጥር ብቻ ይናገራል። ጠዋት ፀሐይ ከአባይ መውጫ በኩል ስትወጣ በክንፉ ላይ የሪቬት ረድፍ ጉብ ጉብ ብሎ ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል። እውነተኛውም ላሜራ እንዲሁ ነው። በሪቬቶቹ መካከል ደግሞ ላሜራው ትንሽ ሰርጎድ ይላል፤ ይህን ሰርጓዳ ያልዘነጋ ሠዓሊ እጁ የተባረከ ነው። ብዙዎቹ ክንፉን እንደ መስታወት ለጥ ያደርጉታል፣ ያኔ አዲስ መጫወቻ ይመስላል።

አሁን ሞተሩ። ፕራት ኤንድ ዊትኒ ትዊን ዋስፕ፣ 14 ሲሊንደር፣ ሰባት ሰባቱ በሁለት ረድፍ በክብ የተደረደሩ፣ 1,200 የፈረስ ጉልበት። በእንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ ሌሊቱን ዘይት እየተንጠባጠበ ታች ባሉት ሲሊንደሮች ይከማቻል። ዘይት እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ካገኘው የሚታጠፈው ብረቱ ነው። ስለዚህ ጠዋት ማንም ማስነሻውን ከመንካቱ በፊት ፕሮፔለሩ በሰው እጅ፣ ቀስ ተብሎ፣ ምላጭ በምላጭ ይዞራል። እምቢ ካለ አይገፋም፤ የታችኛው ካንዴላ ተፈትቶ ዘይቱ ይፈሳል።

ከዚያ በኮክፒቱ ውስጥ ሁለት ማብሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው ከባድ መዘውር ያሽከረክራል፤ ድምፁ ከጉርምርምታ ተነሥቶ እየቀጠነ ወደ ፉጨት ያድጋል። መዘውሩ በቂ ፍጥነት ሲይዝ ሁለተኛው ማብሪያ ከሞተሩ ጋር ያጋጥመዋል። ፕሮፔለሩ እየከበደው ይዞራል፣ ጥቂት ነዳጅ ተረጭቶለታል፣ ማግኔቶው ይበራል። አንድ ሲሊንደር ያስነጥሳል። ዝም። ሁለት፣ ሦስት ይከተላሉ፤ ነጭ ጭስ ክንፉን ይሸፍናል፤ በዚህ ቅጽበት የነዳጅ ቅልቅል ማንሻው ከዝግ ወደ ሙሉ መሄድ አለበት። ከቀደማችሁ ይታነቃል፣ ከዘገያችሁ ይሞታል።

በብዙ ሲሙሌተሮች ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያስቀር አቋራጭ ቁልፍ አለ፤ በማይክሮሶፍት ቤት ኮንትሮልና ኢ ናቸው። ቁልፉን ያስገባው ሰው ደንበኛው እንዳይሰለች አስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ዲሲ-3ን እንዲያ ማስነሣት ቡና ሳይቆላ ሳይወቀጥ ፍንጃል ላይ እንዲገኝ መፈለግ ነው። ጎማ መሰብሰብም እንዲሁ። በእውነተኛው አውሮፕላን ወለሉ ላይ ያለውን መቆለፊያ መጀመሪያ ማንሣት አለባችሁ፤ ከዚያ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ማንሻ ወደ ላይ፤ ጎማው መግባቱን በዓይንና በግፊት መለኪያው አረጋግጦ ማንሻውን ወደ መሐል መመለስ። ረዳት አብራሪው ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ሥራ ነው። በብዙዎቹ ሲሙሌተሮች ይህ በአንዲት ‹ጂ› ቁልፍ ያልቃል። የአንድን ሲሙሌተር ዲሲ-3 ጥራት ስጠየቅ የምመልሰው እንግዲህ ይህን ነው፦ ለእጃችሁ ስንት ሥራ ተወላችሁ?

በዚህ ሚዛን ገበያውን እንየው። ማይክሮሶፍት በ2003 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ በሞተር የበረረበትን መቶኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ባወጣው የሲሙሌተሩ እትም ውስጥ ዲሲ-3 ከታሪካዊዎቹ አውሮፕላኖች ጋር ተካቶ ነበር። ዛሬ ሲታይ ሻካራ ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግን ይሄዳል። በኅዳር 2022 ደግሞ የሲሙሌተሩ 40ኛ ዓመት ሲከበር ኤሮፕሌን ሄቨን የሠራው ዲሲ-3 ለገዢዎች ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጠ። ሁለት ኮክፒት አለው፦ አንዱ የጥንቱ፣ ሌላው ዘመናዊ ስክሪን የተገጠመለት። ሁለተኛውን ለጎብኚ ተዉት። የመጀመሪያው ውስጥ የቀለሙ መላላጥ፣ የስሮትሉ እጀታ በእጅ ብዛት መለስለስ፣ የመለኪያዎቹ መስታወት ላይ ያለው ነጸብራቅ በእውነት የተደከመበት ነው። ችግሩ ለእኛ ሌላ ነው። ይህ ሲሙሌተር መሬቱን የሚያሳየው የሳተላይት ምስል ከኢንተርኔት እየጎተተ ነው፣ ራሱም ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ ባሕር ዳርን ከአየር ለማየት የሞባይል ዳታ ማቃጠል የዘመኑ ቀልድ ነው።

ኤክስ-ፕሌን ሌላ ዓይነት ጥበብ አለው። ክንፉንም ፕሮፔለሩንም ወደ ትናንሽ ቁራጮች ከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ አየሩ የሚያሳድረውን ኃይል በየቅጽበቱ ያሰላል። የአየሩ መሳሳት በእያንዳንዱ ቁራጭ ስሌት ውስጥ ስለሚገባ የባሕር ዳር ከፍታ በአውሮፕላኑ ጠባይ ላይ ይታያል። ፍላይትጊር ደግሞ ነፃ ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ የራሱ ዲሲ-3 ያለው። መልኩ ከሌሎቹ ያንሳል። ነገር ግን የጣናን ዙሪያ ብቻ ለይታችሁ አንዴ ታወርዱና መብራት እስካለ ድረስ ያለ ኢንተርኔት ትበራላችሁ፤ እምብርቱን ከፍቶ ማየትና ማረም የሚፈልግ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪም አይከለከልም።

ስለ ዲሲ-6ም አንድ ቃል። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ወደ አውሮፓ የበረረበት ይህ ባለ አራት ሞተር ግዙፍ ፒ.ኤም.ዲ.ጂ. በተባለው ቤት እጅግ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ተሠርቷል። እውነተኛው አውሮፕላን ሦስተኛ ሰው፣ የበረራ መሐንዲስ፣ ይፈልግ ነበር። ሲሙሌተሩም የማይታይ መሐንዲስ ሰጥቶናል፤ ዝርዝሩን እያነበበ ማብሪያዎቹን ራሱ ይነካል። ይህ ከአቋራጭ ቁልፍ የተለየ ነው፤ ሥራውን አላጠፋውም፣ ድሮ ለነበረው ሰው መልሶ ሰጠው።

ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዲሲ-3 ከሃያ አምስት ደቂቃ ብዙ አይፈጅበትም። መንገዱ ማለት ሐይቁ ነው። ከመነሣታችን በፊት ግን መርፌዋ የነገረችን ነገር አለ። ስሱን አየር ሱፐርቻርጀሩ እያመቀ ለሲሊንደሮቹ ስለሚያቀብል ሞተሩ በዚህ ከፍታ ጉልበቱን ከሞላ ጎደል ይዟል። ክንፉ ግን ሱፐርቻርጀር የለውም። የፍጥነት መለኪያው 80 ኖት ሲል በስሱ አየር ውስጥ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 90 ይጠጋል፤ ስለዚህ መሬቱ ከወትሮው ፈጥኖ ያልፋል፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። አዲስ አብራሪ መስኮቱን አይቶ በቅቶኛል ብሎ አፍንጫውን ቀደም ብሎ ያነሣል። መለኪያውን ያመነ ይጠብቃል።

ከተነሣን በኋላ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ የተባሉት ደሴቶች ወዲያው ይታያሉ፣ በግራ በኩል የዘጌ ደን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወደ ውኃው ይገባል። የሳተላይት ምስል የሚጠቀም ሲሙሌተር ዘጌን አሳምሮ ያወጣዋል፤ በቡናው ላይ ያጠሉት ትልልቅ ዛፎች ከላይ ሲታዩ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸውና። የዘጌዋ ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን የለችም። ክቡ ጣሪያ ሊኖር በሚገባው ቦታ ኮምፒውተሩ ከራሱ ጎተራ አውጥቶ የተከለው ዛፍ ወይም አራት ማዕዘን ቤት ነው የሚገኘው። የውኃውም ቀለም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ክረምት ላይ ጣናን ከአየር ያየ ሰው ሰማያዊ አይለውም፤ ጉማራና ርብ አፈር ተሸክመው ሲገቡ ሐይቁ በምሥራቅ በኩል ወተት እንደነካው ሻይ ይሆናል። በስክሪኑ ላይ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ነው። ጢስ ዓባይ ደግሞ ከሁሉ ያሳዝናል፤ ከላይ የተነሣ ፎቶ በመሬት ላይ ስለሚነጠፍ በእኔ ስክሪን ላይ ፏፏቴው አይወድቅም፣ ገደሉ ላይ እንደተለጠፈ ነጠላ ተኝቶ ይቀራል።

ሲሙሌተር የማይይዘው ሌላም ነገር ይህ ዳርቻ ያውቃል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ርግቦች ወደ ሁለቱም ሞተሮቹ ገብተውበት ወድቋል፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ አለፉ። የአየር ማረፊያው አየር የአብራሪ ብቻ አይደለም፣ የወፍም ነው።

ከደቅ ደሴት በላይ ሲደርሱ ሥራው ይቀላልና ጆሮ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ሁለቱ ፕሮፔለሮች እኩል ካልዞሩ ድምፃቸው እየተገናኘና እየተለያየ ‹ዎው... ዎው...› የሚል ሞገድ ይፈጥራል፤ መንገደኛን የሚያሳምመው ይህ ነው። አብራሪው ከግራ ያሉትን ሁለት የፕሮፔለር ማንሻዎች በፀጉር ያህል እያንቀሳቀሰ ሞገዱን ያስረዝመዋል፣ ያስረዝመዋል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ አንድ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሁለቱን ሞተሮች ከአንድ ቅጂ የሚያስጮኽ ሲሙሌተር ይህን ደስታ ሊሰጥ አይችልም። የግራውንና የቀኙን ለየብቻ ያሰማ ግን፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ስትሞክሩት፣ በቅኝት ላይ እንዳለ በገና ደርዳሪ ትንፋሻችሁን ያስይዛችኋል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ የእውነተኛው አውሮፕላን የፊት መስታወት በማፍሰስ የታወቀ ነው፤ የጥንት አብራሪዎች ጉልበታቸው ሳይርስ ስላረፉበት የሐምሌ ቀን አያወሩም። ይህን ጉድለት በታማኝነት የቀዳ ሲሙሌተር እስካሁን አልገጠመኝም። ቢመጣ እገዛዋለሁ።

ጎርጎራን አይተን ወደ ባሕር ዳር ብንመለስ የሚጠብቀን ማረፊያው ነው፤ ዲሲ-3 እውነተኛ መልኩን የሚያሳየው እዚህ ነው። ሦስተኛው ጎማ ከጭራው ሥር ስለሆነ ክብደቱ ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው ያለው። ቀጥ ብሎ እስከሄደ ድረስ ሰላም ነው፤ ትንሽ ካዘነበለ ግን የኋላው ክብደት ፊቱን ቀድሞ ሊሄድ ይፈልጋል፣ አውሮፕላኑም ዞሮ ጀርባውን ሊሰጣችሁ ይችላል። ስለዚህ ብዙ አብራሪዎች በሁለቱ ዋና ጎማዎች ብቻ፣ ጭራው ገና አየር ላይ እንዳለ፣ መሬት ይነካሉ፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጭራው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። እግር በዚህ ጊዜ ሥራ አይፈታም፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ አጫጭር እርምጃዎች፣ አፍንጫው ከመስመሩ ከመውጣቱ በፊት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስ ከጎን ሲመታ እርምጃዎቹ ይበዛሉ። ኮክፒቱ አፍንጫውን ሽቅብ ይዞ ስለሚቆም መሬት ላይ ከፊት ያለው አይታይም፤ ማኮብኮብ ማለት በጎን መስኮት እያዩ እባብ እንደሚሄድ መሄድ ነው። የጭራ ጎማው መቆለፊያ አለው፣ ለመነሣትና ለማረፍ ይቆለፋል፣ ለመታጠፍ ይፈታል፤ መፍታቱን የረሳ በፍሬን ሲታገል ከርቀት ይታወቃል።

መጀመር ለሚፈልግ፦ ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ ወይም ኢንተርኔቱ የማያስተማምን ከሆነ በፍላይትጊር ጀምሩ። የእግር ፔዳል በገበያችን ውድ ነው፤ በአንጓው የሚጠመዘዝ ጆይስቲክ ለጊዜው ይበቃል። በመጀመሪያ የሚጠፋው ‹ራስ-ሰር መሪ› የሚባለው እርዳታ ነው፤ እሱ እስካለ ድረስ እግራችሁ ምንም አይማርም። ሰዓቱን ንጋት ላይ አድርጉት፣ ነፋሱን አጥፉት፣ ነዳጁን ግማሽ ሙሉት። መጀመሪያ ላይ አውሮፕላኑ ወደ ግራ እየጎተተ ሣሩ ውስጥ ይከታችኋል። የባሕር ዳር መንደርደሪያ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዲሲ-3 ሲሶው ገደማ ይበቃዋል፤ በቀረው ላይ እግራችሁን አስተምሩ።